ጎዳና ላይ ያረጀን ሰው ማን ቢያናግረው ይሻላል? ስለ አቻ ድጋፍ በቀላሉ

አቻ ለአቻ ድጋፍ የሚባለውን ነገር እኛ ሀገር ብዙ ሰው የሚያውቀው ከኤችአይቪ ጋር ተያይዞ ነው። በ1997 የኤችአይቪ መድሃኒት በነጻ መሰጠት ሲጀምር አንድ ነገር ቶሎ ነው የታየው፣ ሐኪሙ አስር ጊዜ «ሰዓቱን ጠብቀህ ዋጥ» ከሚለው ይልቅ ራሱ ቫይረሱ በደሙ ያለ ሰው ኮሪደር ላይ ቁጭ ብሎ «እኔም መጀመሪያ ሲያቅለሸልሸኝ ልተወው ነበር፣ ትንሽ ስታገስ ለቀቀኝ» ሲለው ታማሚው ይሰማል። ኬዝ ማናጀር፣ የእናቶች ድጋፍ ቡድን ምናምን እየተባለ ከቫይረሱ ጋር የሚኖሩ ሰዎች ጤና ተቋም ውስጥ መስራት የጀመሩት በዚህ ነው። ያለፈበት ሰው ላለበት ሰው፣ በቃ ሀሳቡ ይሄ ነው።

አሁን ይሄንኑ ሀሳብ መሀል አዲስ አበባ አምጡትና አራዳ ጊዮርጊስ አጥር ስር፣ እስጢፋኖስ በር ላይ፣ ለገሃር፣ ተክለሃይማኖት፣ አንዋር መስጊድ ዙሪያ ለሚያድሩ አረጋውያን አስቡት። አንድ በፊት ጎዳና ላይ የነበረ አሁን ግን ጣራ ስር የገባ ሰው፣ ስልጠና ወስዶ፣ እየተከፈለው፣ እነዚህን ሰዎች ደጋግሞ እያገኘ፣ ከፈለጉ ሆስፒታል አብሯቸው እየሄደ፣ ካልፈለጉ ደሞ ዝም ብሎ አጠገባቸው እየተቀመጠ የሚሰራው ስራ ነው፣ ይሄን ሰው አቻ ደጋፊ እንበለው። ብር አያድልም፣ አይሰብክም፣ አይመረምርም። ታዲያ ምን ይሰራል? ጥያቄው እሱ ነው።

መጀመሪያ ግን ስለ ሰዎቹ። ጎዳና ላይ ሽማግሌ ስናይ ዕድሜውን ሙሉ እዚያው የኖረ ይመስለናል፣ ብዙ ጊዜ ግን እንደዛ አይደለም። ካሊፎርኒያ ኦክላንድ ውስጥ ዕድሜያቸው 50 እና ከዚያ በላይ የሆኑ ቤት አልባ ሰዎችን ለዓመታት የተከታተለ ጥናት አለ፣ ከነሱ ውስጥ 44 በመቶ የሚሆኑት ለመጀመሪያ ጊዜ ቤት ያጡት 50 ካለፋቸው በኋላ ነው፣ ማለትም ሰርተው፣ ተከራይተው፣ ወልደው ከኖሩ በኋላ። የአሜሪካን ቁጥር አምጥቶ አዲስ አበባ ላይ መለጠፍ አይቻልም፣ ዘግይቶ መውደቅ ግን እኛም ጋ አለ፣ መንገዱ ነው የሚለየው። የግል ድርጅት ሰራተኛ ጡረታ በአዋጅ የመጣው በ2003 ነው፣ እሱ ከመምጣቱ በፊት ጉልበቱን በግል ጋራዥ፣ በዳቦ ቤት፣ በቀን ስራ የጨረሰ ሰው በየወሩ የሚቀበለው ነገር የለም። በ1983 በተበተነው ሰራዊት ውስጥ ጎረምሳ ወታደር የነበረው ዛሬ ሃምሳዎቹ ውስጥ ነው ወይ አልፏቸዋል። ሰው ቤት ሰራተኛ ሆነው ያረጁና ወገባቸው እምቢ ሲል «ሀገርሽ ግቢ» የተባሉ እናቶች አሉ። የቀበሌ ቤት ሲፈርስ ደሞ ምትክ የሚያገኘው ውሉ በስሙ ያለው ሰው ነው፣ ጓዳ ተከራይቶ ወይ ተጠግቶ ይኖር የነበረው አዛውንት ስሙ የትም አልተጻፈም። ከገጠር ለህክምና ወይ ለጠበል መጥተው ገንዘቡ ሲያልቅ እዚሁ የቀሩም አሉ። እነዚህ ሁሉ ሰዎች አጥር ስር ተሰልፈው ሲታዩ አንድ ዓይነት ይመስላሉ፣ የሚያስፈልጋቸው ግን ሌላ ሌላ ነው።

ሌላው ነገር ዕድሜ ነው። ጡረታ 60 ስለሆነ አረጋዊ ሲባል 60 እንጠብቃለን፣ ጎዳና ግን ሰውን ቶሎ ያስረጃል። የኦክላንዱ ጥናት ሃምሳዎቹ ውስጥ ያሉት ላይ ያገኘው መውደቅ፣ መርሳት፣ ሽንት አለመቆጣጠር፣ ቤት ያለው ሰው ላይ ቢሆን ሰባና ሰማንያ ላይ የምትጠብቀው ዓይነት ነው። ስለዚህ መታወቂያ ላይ 54 የሚል ሰው በአካሉ የአያትህ እኩያ ሊሆን ይችላል።

እንግዲህ ለነዚህ ሰዎች ምንም አገልግሎት የለም ማለት አይደለም። የከተማ ሴፍቲኔት በ2009 ሲጀመር መስራት ለማይችሉ አረጋውያን ቀጥታ ድጋፍ የሚባል ነገር ይዞ ነው የመጣው፣ ጎዳና ላይ ላሉትም የተለየ ክፍል አለው። ተስፋ ብርሃን የምገባ ማዕከላት አሉ፣ ስድስት ኪሎ የማዘር ቴሬዛ እህቶች ቤት አለ፣ መቄዶንያ አለ። ጤና መድን ላይ መክፈል ለማይችል ሰው መዋጮውን መንግስት የሚሸፍንበት አሰራር አለ። ሕገ መንግስቱም አንቀጽ 41 ላይ መንግስት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን ይረዳል ይላል። ችግሩ በአገልግሎቱና በሰውየው መሀል ያለችው መቶ ሜትር ናት፣ እሷ መቶ ሜትር ውስጥ ፎርም አለ፣ መታወቂያ አለ፣ ወረፋ አለ፣ ዘበኛ አለ፣ ከሁሉም በላይ ሀፍረት አለ። የአቻ ደጋፊ ስራ እሷ መቶ ሜትር ላይ ነው።

የት እንደሚገኙ ከማወቅ ይጀምራል። አንድ ፕሮጀክት ሰኞና ረቡዕ ጠዋት ሶስት ሰዓት አራዳ ጊዮርጊስ እንሄዳለን ብሎ ፕሮግራም ያወጣል እንበል፣ ሰዎቹ ግን የሚንቀሳቀሱት በቅዱሳኑ ቀን ነው። በ7 ሥላሴ፣ በ12 ሚካኤል፣ በ19 ግቢ ገብርኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ23 ጊዮርጊስ፣ በ24 ተክለሃይማኖት፣ በ27 መድኃኔዓለም፣ አርብ ደሞ መስጊድ በር ላይ ሰደቃ። ዝክርና ሰንበቴ ያለበትን ያውቃሉ፣ የት ንፍሮ እንደሚገኝ የት ዳቦ ብቻ እንደሆነ ያውቃሉ፣ ሙስሊምና ክርስቲያኑም አንዱ የሌላውን ቀን ያውቃል። ሶሻል ወርከሯ ሰኞ ሄዳ «ደንበኛዬ ጠፉብኝ» ብላ ሪፖርት ትጽፋለች፣ እዚያ ኖሮ ያለፈው ሰው ግን «ዛሬ እኮ 12 ነው፣ ሚካኤል ናቸው» ይላታል። ስልጠና ይሄን አያስተምርም።

አቀራረቡም ይለያል። የለመድነው «አባባ ጤናዎት እንዴት ነው? ቤተሰብ አሎት? ለምን ወጡ?» የሚል ነው፣ ይሄን ጥያቄ እኚህ ሰው በየመዝገቡ ስንቴ መለሱት መሰላችሁ፣ ከመልሱ በኋላ የመጣ ነገር ደሞ የለም። ሐምሌ ላይ ውጭ ያደረ ሰው ግን እንዲህ ነው የሚጀምረው፦

«አባባ እንዴት አደሩ? ላስቲኩ ያዘ ሌሊት?»

«ምን ይይዛል፣ በስር ገባ እንጂ።»

«ከስር ማዳበሪያውን ሁለት እጥፍ አላረጉትም እንዴ? እኔ ካርቶኑን ከላይ አድርጌ ነበር የምተኛው፣ ከስር ካደረጉት ውሃውን ይመጠዋል።»

«አንተ የት ነበርክ?»

ይቺ «አንተ የት ነበርክ» ከመጣች ስራው ተጀመረ። ጠያቂው እሳቸው ሆኑ። ከዚያ በኋላ የራሱን ታሪክ በአጭሩ ይነግራቸዋል፣ በአጭሩ ነው ያልኩት፣ ምክንያቱም ጀማሪ አቻ ደጋፊዎች ላይ በብዛት የሚታየው ችግር አዛውንቱን አስቀምጠው የራሳቸውን የሕይወት ታሪክ ለሰዓት መተረካቸው ነው። ታሪኩ የሚወጣው ለሰሚው ሲጠቅም ብቻ ነው።

አንድ ነገር ጠጋ ብለን እንይ፣ የደም ግፊት ኪኒን። ለግፊት ከሚታዘዙት ውስጥ ሽንት የሚያመጡ አሉ። ቤት ላለው ሰው ችግር የለውም፣ ሽንት ቤቱ ሁለት እርምጃ ነው። በረንዳ ላይ ለሚውል ሰው ግን የሕዝብ ሽንት ቤቱ በክፍያ ሊሆን ይችላል፣ ማታ ደሞ ሊዘጋ ይችላል፣ እግር የማይታዘዛቸው ሴት ከሆኑ ደሞ ሜዳ ላይ መቀመጥ ክብር መንካት ብቻ ሳይሆን አደጋም ነው። ስለዚህ ኪኒኑን ይተዉታል፣ አንዳንዶቹ ከዚያም አልፈው ከሰዓት በኋላ ውሃ መጠጣት ያቆማሉ፣ ውሃ ሲያንስ ሲነሱ ያዞራቸዋል፣ ይወድቃሉ፣ ዳሌ ይሰበራል። ሐኪሙ ካርዱ ላይ «መድሃኒት አቋርጠዋል» ብሎ ይጽፍና ይቆጣቸዋል፣ እሳቸውም «እሺ ዶክተር» ብለው ይወጣሉ፣ ምን ይበሉ፣ ሽንት ቤት ስለሌለኝ ነው ብለው ልጃቸው ለሚሆን ዶክተር ይናገራሉ? አይናገሩም። ያለፈበት ሰው ግን የሚጠይቀው መጀመሪያ እሱን ነው፣ «ሽንት ቤት የት ነው የሚሄዱት?» አብሮ ገብቶ ለሐኪሙ በአክብሮት ይነግርላቸዋል፣ ሐኪሙ ካወቀ ሰዓቱን ማስተካከል ወይ ሽንት የማያመጣ ሌላ መድሃኒት መቀየር ይችላል። ይሄን ሁሉ የሚፈታው አንድ ጥያቄ ነው፣ ጥያቄው ግን ከሚያውቅ ሰው መምጣት አለበት።

አብሮ መሄድ የሚባለው ነገር ለንደን ውስጥ ግራውንድስዌል የሚባል ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ የሚሰራበት ነው፣ ቤት አልባ ሆነው ያሳለፉ ሰዎች አሁን ቤት አልባ የሆነውን ይዘው ወደ ህክምና ቀጠሮ ይሄዳሉ። ጥቁር አንበሳ ወይ ዘውዲቱ ወይ ምኒልክ አስቡት፣ ካርድ ክፍል፣ ክፍያ፣ ላብራቶሪ፣ ተመለስ፣ ሌላ መስኮት፣ ጆሯቸው የማይሰማ ሰው ስማቸው ሲጠራ ያልፋቸዋል፣ ዓይናቸው ሞራ ያለበት ሰው የክፍል ቁጥር አያነቡም። ጤነኛ ወጣት እንኳን የሚሰለቸው ነገር ነው እኮ።

ሌላው በየቀኑ የሚያይ ሰው ብቻ የሚያውቀው ነገር ለውጥ ነው። ትናንት በደንብ ያወሩ የነበሩ እናት ዛሬ ድንገት ከተዘባረቀባቸው፣ ልጃቸውን ከሟች ባላቸው ካምታቱ፣ ድብት ካላቸው፣ «ጃጅተው ነው» ተብሎ አይታለፍም። መርሳት በሽታ የሚመጣው በወራትና በዓመታት ነው፣ በአንድ ሌሊት የመጣ መዘባረቅ ብዙ ጊዜ የሳንባ ምች ነው፣ የሽንት ኢንፌክሽን ነው፣ ስኳር ወርዶ ወይ ወጥቶ ነው፣ ውሃ ጥም ነው፣ እና ድንገተኛ ክፍል ነው የሚያስኬደው። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። አቻ ደጋፊ ሐኪም አይደለም ግን «ትናንት እንዲህ አልነበሩም» ብሎ መመስከር የሚችለው እሱ ብቻ ነው፣ ሐኪሞች ደሞ ይሄን መረጃ በጣም ይፈልጉታል።

መታወቂያም አለ። ያለ ነዋሪነት መታወቂያ ጤና መድን የለም፣ ሴፍቲኔት የለም፣ መታወቂያ ለማውጣት ደሞ አድራሻ ይጠይቃል፣ ዞሮ ዞሮ እዛው። ፋይዳ ትንሽ መንገድ ከፍቷል፣ ምዝገባው ነጻ ነው፣ የዲጂታል መታወቂያ አዋጁም ሰነድ የሌለው ሰው በምስክር የሚመዘገብበትን መንገድ አስቀምጧል። ግን ምስክር የሚሆን ሰው ማን አላቸው? ለብዙዎቹ ማንም። እዚህ ጋ ነው እንግዲህ በስም የሚያውቃቸው ሰው መኖሩ ዋጋ የሚያወጣው።

አሁን ደሞ ከሁሉ የሚከብደው ነገር። አረጋውያኑ ከለመዱህ በኋላ የሚያወሩህ ስለ ምግብ አይደለም፣ ስለ ቀብር ነው። እድር የለኝም፣ ስሞት ማዘጋጃ ቤት ነው የሚቀብረኝ፣ ማን ያለቅስልኛል፣ የሚፈታኝ ካህን ይኑር ይሆን፣ ሙስሊሙም እንደዛው ማን ያጥበኛል ማን ይሰግድብኛል። በቅጽ ላይ «ፍላጎት» የሚል ሳጥን ውስጥ ምግብ፣ ልብስ፣ መጠለያ እንጂ ቀብር የሚል አይቼ አላውቅም። ለወጣት ባለሙያ ይሄ ወሬ ያስፈራል፣ ወይ ዲፕሬሽን ነው ብሎ ይጽፋል ወይ «እንዲህ አይበሉ እማማ፣ ገና ይኖራሉ» ብሎ ይዘጋዋል። ዲፕሬሽን ሊሆንም ይችላል፣ መሞት እፈልጋለሁ ካሉ ወይ መብላት ካቆሙ ለባለሙያ መንገር ግዴታ ነው። ብዙ ጊዜ ግን ሰውየው እየተናገረ ያለው ስለ ክብሩ ነው፣ መልሱም የሚሰራ ነገር አለው፦ ንስሐ አባት ማገናኘት፣ ስማቸውን የክርስትና ስማቸውን ጨምሮ መጻፍ፣ ማን ይጠራ ብሎ መጠየቅ፣ ቢቻል የሰፈር እድር ማናገር። ከኤችአይቪ ጊዜ ጀምሮ ወላጅ ላጡ ልጆችና ለአረጋውያን ድጋፍ ማድረግ የጀመሩ እድሮች አሉ፣ ስለዚህ ሀሳቡ ለእድር ዳኞች ባዕድ አይደለም። በኔ እምነት አዲስ አበባ ላይ ይሄ ስራ ቢጀመር ከሌላው ዓለም የሚለየው በዚህ ነው፣ ወደ እድር የሚወስድ መንገድ ከሌለው ግማሽ ስራ ነው።

እሺ፣ አቻ ግን ማነው? እዚህ ጋ ብዙ ፕሮጀክት ይሳሳታል ብዬ አስባለሁ። ጎዳና ላይ ያደገ የ25 ዓመት ልጅ ለ70 ዓመት አዛውንት አቻ ነው? በጎዳናው አዎ፣ በዕድሜው አይደለም፣ እኛ ሀገር ደሞ ዕድሜ ትልቅ ነገር ነው። ልጁ «አባባ» ብሎ፣ አንቱ ብሎ፣ ብድግ ብሎ ነው የሚያወራው፣ እሳቸውም ለልጅ የማይነገር ነገር አላቸው። በዛ ላይ ጎዳና ላይ ብዙ አረጋውያን ብርድ ልብሳቸውን የሰረቃቸው፣ ሳንቲማቸውን የቀማቸው ወጣት ነው፣ እና ያንን ፊት ሲያዩ ይሸሻሉ። ልጁ ጉልበት አለው፣ ወረፋ ይይዛል፣ ደግፎ ያስኬዳል፣ ታክሲ ያስቆማል፣ ያ ያስፈልጋል። ለወሬው ግን እኩያ ይሻላል።

ሽማግሌና አሮጊት ይሄን ስራ ይችላሉ ወይ ለሚል ሰው ዚምባብዌን ልጥቀስ። ዲክሰን ቺባንዳ የሚባል የሥነ አእምሮ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ2006 ሐራሬ ምባሬ ሰፈር ውስጥ ከ14 አያቶች ጋር ጀመረ፣ አያቶቹ ሰልጥነው ክሊኒኩ ግቢ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው የተጨነቀ ሰው ያናግራሉ፣ ችግሩን አንድ በአንድ ይፈቱታል። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ጥናት 573 ሰዎችን አካቶ ከስድስት ወር በኋላ ሲያይ አያቶቹ ያናገሯቸው ሰዎች ከሌሎቹ የተሻሉ ሆነው ተገኙ። እነዚህ አያቶች ጎዳና ላይ የነበሩ አይደሉም፣ ስለዚህ በትክክል የኛው ነገር አይደለም፣ ግን አንዲት እናት በ65 ዓመቷ ሰልጥና የሰው ጭንቀት መያዝ እንደምትችል ያሳያል። ስለዚህ ከምርጫ ይልቅ ጥንድ ቢሆኑ ይሻላል፣ አንድ ዕድሜ ያለው አንድ ጉልበት ያለው።

ድንበር የሚባለው ነገር ደሞ እኛ ጋ የሚፈተነው በአደራ ነው። አዛውንቱ አቻ ደጋፊውን ካመኑት ከጉያቸው የታሰረች ጨርቅ ፈተው «ይቺን አደራ ያዝልኝ» ይሉታል፣ እምቢ ማለት ነውር ነው፣ እሺ ማለት ደሞ ገደል ነው፣ አንድ ቀን ገንዘቧ ጎደለች ቢባል ስራውም ስሙም አለቀ። ስለዚህ ደንቡ ከመጀመሪያው ይነገር፦ ገንዘብ አልይዝም፣ አላበድርም፣ ቤቴ አልወስድም፣ የነገሩኝን ለሌላ አላወራም፣ ሕይወትዎ አደጋ ላይ ከሆነ ግን ለኃላፊዬ እናገራለሁ። ገንዘቡን በተመለከተ አብሮ ሄዶ ባንክ ማስከፈት ነው መፍትሄው፣ እሱም ተመልሶ መታወቂያ ይጠይቃል እንግዲህ።

ሌላ ማድረግ የሌለበት ነገር ማዕከል ግቡ ብሎ መገፋፋት ወይ ሀገር ቤት መሸኘት ነው። አውቶብስ ትኬት ቆርጠህ ትሸኛለህ፣ ጥቂት ቆይተው ተመልሰው እዚያው አጥር ስር ናቸው። ለምን? ልጆቻቸው በዚህ ሁኔታ እንዲያዩአቸው አይፈልጉም፣ ወይ መሬቱ ተከፋፍሏል፣ ወይ የወጡት ተጣልተው ነው። መሄድ የሚፈልግ ሰው ይኖራል፣ እሱን ማገዝ ጥሩ ነው፣ ግን መጀመሪያ ስልክ ደውሎ እዚያ ያለው ሰው ምን ይላል ብሎ ማጣራት ይቀድማል። ማዕከልም እንደዛው፣ የማይፈልጉት ሰው ምክንያት አላቸው፣ ምናልባት ሰላሳ ዓመት ያወቋት ጓደኛቸው ውጭ ናት።

ውጤቱስ ከተባለ፣ ሳይጋነን፦ በሌላ ሀገር የተሰሩ ጥናቶች ሲደመሩ የአቻ ድጋፍ ተስፋ ላይ፣ በራስ መተማመን ላይ፣ ከአገልግሎት ጋር መቆየት ላይ ይጠቅማል፣ ሆስፒታል መተኛትን መቀነስ ላይ ግን ማስረጃው ደካማ ነው። ቤት ደሞ ማንም አቻ ከኪሱ አያወጣም። ኪራይ በዚህ ዋጋ እያለ «አቻ ደጋፊ ቀጠርን» ብሎ መጠለያውን መተው ማታለል ነው።

ደሞዝ ላይ ደሞ ግልጽ ልሁን። ፕሮጀክት ሲመጣ ሶሻል ወርከሩ ደሞዝ አለው፣ ኮኦርዲኔተሩ መኪና አለው፣ አቻ ደጋፊው ግን «በጎ ፈቃደኛ» ተብሎ ቲሸርትና የስልጠና ቀን ውሎ አበል ነው የሚደርሰው። ትናንት ጎዳና የነበረ ሰው ኪራዩን የሚከፍለው በምንድነው? ሳይከፈለው ሲቀር ወይ ይተወዋል ወይ ተመልሶ ይወጣል። የሚሰማው ነገርም ከባድ ነው፣ የራሱን ቁስል ይነካበታል፣ ከአረቄ የተላቀቀ ሰው ከሆነ ጎዳናው ላይ ያለው አረቄ በየቀኑ ፊቱ ነው። ስለዚህ በየሳምንቱ ቁጭ ብሎ የሚያወራው ባለሙያ ያስፈልገዋል፣ ሪፖርት ለመጠየቅ ሳይሆን አንተስ እንዴት ነህ ለማለት።

ይሄን ለመሞከር የምታስቡ ማህበር ወይ እድር ወይ ሰንበቴ ካላችሁ በትልቁ አትጀምሩ። አንድ ሰፈር ያዙ፣ ለምሳሌ ከአራዳ ጊዮርጊስ እስከ ተክለሃይማኖት፣ ጥንድ ሰው ቅጠሩ፣ የወር ደሞዛቸውንና ትራንስፖርታቸውን ቢያንስ ለአንድ ዓመት አስቀድማችሁ አስቀምጡ፣ አንድ ጤና ጣቢያ ውስጥ በስም የሚታወቅ ነርስና ወረዳው ላይ አንድ የማህበራዊ ጉዳይ ሰራተኛ አናግሩ፣ ፕሮግራሙን ደሞ በሰኞና ረቡዕ ሳይሆን በ12፣ በ21፣ በ23 አውጡት።